በመርከብ የላክሁት ደብዳቤ

በዘጠናዎቹ ኦክላንድ ስኖር ወደ ፋሮ ደሴቶችና ወደ አይስላንድ የተላኩ አሮጌ ፖስታዎች እሰበስብ ነበር። ደሴቶቹን አይቻቸው አላውቅም፤ ለማየትም አልጓጓሁም። የሚማርከኝ በየወደቡ የተመታው ማኅተም፣ በአውሮፕላን ተጀምሮ በጀልባ ያለቀው መንገድ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ላይ ሰብሳቢዎች ስንገናኝ ከሁሉም ጋር እጣላለሁ። ግማሾቹ ባዶ ወረቀት አሽገው፣ ማኅተም እንዲመታበት ብቻ ለራሳቸው ይልካሉ። “ማንም ያልጠበቀው ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም” እያልኩ እሰብክባቸው ነበር።

ከኦክላንድ አለፍ ብሎ ሳን ፓብሎ የሚኖሩ አንዲት የወሎ እናት ነበሩ። ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ደብዳቤያቸውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ወንድ ልጃቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ ተሰዶ ፋሮ ደሴቶች ላይ የዓሣ መርከብ ሥራ አገኘ። ስልክ አይደርሰውም። አንድ እሑድ አስጠሩኝ፤ ሴት ልጃቸውን ሽማግሌዎች ጠይቀው ሄደዋል።

“አሁን አባቷ ወንድሟ ነው” አሉኝ። “ያለ እሱ ቃል እሺ አልልም። ቶሎ እንዲደርስ አድርገህ ላክልኝ፣ ልጄ።”

ሆስፒታል የምትሠራው ልጃቸው ከኩሽና ጮኸች፤ “እማዬ፣ ጋሼን አታስቸግሪው! ኦልረዲ እሺ ብዬዋለሁ እኮ!”

“አንቺ እሺ ብትይ እኔ አላልኩም!”

በአየር ቢላክ በሳምንት ገደማ ይደርስ ነበር። እኔ በመርከብ ላክሁት። በእኔ ዘመን በባሕር የተጓዘ፣ ያውም ሰው የሚጠብቀው ደብዳቤ ያለበት ፖስታ አልነበረኝም። ቴምብሮቹን መርጬ ለጠፍኩ፤ የላኪ አድራሻ የራሴን ጻፍኩ፤ ለልጁም ትንሽ ማስታወሻ ሸጎጥኩለት። ትዳር ሁለት ወር ቢዘገይ ምን ይሆናል? በሰው ትዳር ትዕግሥት አያልቅብኝም።

ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ መጡ፤ “ቃል እየጠበቅን ነው” ተባሉ። ሦስተኛ አልመጡም፤ ዝምታውን እምቢታ አደረጉት። እናትየው በየሳምንቱ ይደውሉልኛል፤ “ደረሰ ይሆን?”

“ደሴት እኮ ነው፣ እማማ። ሩቅ ነው” እላለሁ።

በአራተኛው ወር ደብዳቤው ሳይከፈት ተመልሶ መጣ። ልጃቸው የሚሠራበት መርከብ ወደቡን ለቆ ሄዷል። ፖስታው ሦስት ማኅተም፣ አንድ የተለጠፈ ወረቀት፣ በእጅ የተጻፈ የማይነበብ ቃል ነበረበት። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። በማጉያ መነጽር እያገላበጥኩ ከቁርስ እስከ ምሳ አየሁት። ውስጡ ምን እንዳለ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ወሰድኩላቸው። በመዳፋቸው ዳሰሱት። “ይህን ሁሉ ባሕር ዞሮ? አንተም ደከምክ።”

ልጅቷ ተቀበለቻቸው፤ ጥጉን አየች። “ጋሼ፣ ሰርፌስ ነው የሚለው፤ በመርከብ። ኤርሜይል የለም እንዴ ወደዛ?”

“አለ” አልኩ።

ቀደደችው። ማስታወሻዬ ወደቀ፤ አንስታ አነበበችው፦ “ወንድሜ፣ ፖስታውን እባክህ እንዳትጥለው፣ መልሰህ ላክልኝ። ለስብስቤ ነው።”

“ምን ይላል?” አሉ እናትየው።

“ምንም፣ እማዬ” አለችና አጥፋ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

እናትየው እጄን ያዙ። “እንግዲህ ወንድሟ አንተ ነህ። የወንድሟን ያህል ለፍተሃል። ለሽማግሌዎቹ አንተ ቃል ስጥልኝ።”

ያኔ መናገር ነበረብኝ።

“ጋሼ ይዘገያል፣ እማዬ” አለች ልጅቷ። “እኔው እደውላለሁ።”

“ሴት ልጅ ለራሷ ሽማግሌ ትደውላለች? ኧረ አንተ፣ ተይ በላት!”

ስልኩን አንስታ ቁጥሩን ነካክታለች። ለሽማግሌው ሰላምታ ሰጥታ፣ የእጮኛዋን አባት ጤና ጠይቃ፣ እኔን ሳታይ እንዲህ አለች፦ “መልሱ የዘገየው በእኛ ጥፋት ነው፣ አባባ። ይቅርታ አድርጉልን።”