የእድሩ ድንኳንና የዋሽንት መምህርነቴ

ወደ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት የገባሁት መደቤ ስለታጠፈ ነው። ከደርግ ውድቀት በኋላ በዓለም ከተማ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የባህል ባለሙያ ሆኜ ለዓመታት አገልግያለሁ። ሚሌኒየሙ ካለፈ ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ሲጠና፣ ዋሽንት የሚነፋ ሠራተኛ በየትኛው የሥራ ሂደት ሥር እንደሚመደብ አጥኚዎቹ ተወያይተው መፍትሔ ስላጡ መደቡን ሰረዙት። በዚያው ሰሞን አዲስ የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ የሸንበቆውንም የፈረንጆቹን የብረቱንም ዋሽንት የሚያስተምር መምህር እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ተወዳድሬ አንደኛ ወጣሁ። ሌላ አመልካች አልነበረም።

ቅጥሩ ግን የሙከራ ነበር። ቋሚ ለመሆን ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ርቄ፣ በሦስት ገምጋሚዎች ፊት፣ ኅብረተሰቡ በነቂስ የተሳተፈበት የሙዚቃ ዝግጅት ማቅረብ ነበረብኝ። ሰው ካልመጣ ቅጥሬ ይቋረጣል፤ የምመለስበት መደብም የለም። የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ ትምህርታቸውን በውጭ አገር የጨረሱ፣ መንዝን በካርታ ብቻ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳርፈው የቀየትን ከተማ መረጡ።

ከዝግጅቱ አንድ ቀን ቀድሜ በአውቶቡስ ደረስሁ። የከተማው አዳራሽ በመንግሥት ሠራተኞች ግምገማ ተይዟል። መቼ እንደሚለቀቅ ጥበቃውን ብጠይቀው፣

«መምህር፣ ግምገማ ገብቶ በቀጠሮው የወጣ ሰው አይተው ያውቃሉ?» አለኝ።

በሜዳ ላይ እንዳልጫወት፣ ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ትንፋሼን ከዋሽንቱ አፍ ላይ ይቀማኛል። ሞክሬው ነበር፤ ዋሽንቱን የነፋሁት እኔ ሳልሆን ነፋሱ ነበር። የግድ ድንኳን አስፈለገኝ። በከተማው የነበረው ድንኳን አንድ ሲሆን፣ እሱም የእድሩ ነው። የእድሩ ዳኛ ደግ ሰው ስለነበሩ ከነአግዳሚ ወንበሩ ፈቀዱልኝ።

የቀረው ማስታወቂያ ነበር። ለዚህ ደግሞ ከእድሩ ጡሩምባ ነፊ የተሻለ ሰው እንደሌለ ሁሉም መሰከረልኝ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«አባባ፣ ነገ ከሰዓት በኋላ የዋሽንት ዝግጅት አለ ብለው ለሕዝቡ ይንገሩልኝ።»

«አንተ ራስህ ነፊ ነህ አሉ?»

«አዎን፣ ዋሽንት።»

«ስትነፋ ሰው ይመጣል?»

«አንዳንዴ።»

በሐዘኔታ አዩኝ። «እኔ ነፍቼ የቀረብኝ ሰው የለም» አሉ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጡሩምባው ከተማውን ዞረ። አልጋዬ ላይ ሆኜ አዳመጥሁት። የትንፋሹ ርዝመት ለተማሪዎቼ በምሳሌነት የሚጠቀስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ገምጋሚዎች ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በድንኳኑ ራስ በኩል በዝምታ ተቀመጡ። እኔም ጥቁር ለብሼ ነበር፤ የመድረክ ልብስ ብዬ ያሰፋሁት ነው። ዋሽንቴን ገና ሳልወለውል፣ ከወደ ገበያው «ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ጋሻዬን!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጎርፉ ጀመር። እያንዳንዱ በገምጋሚዎቹ ፊት ጎንበስ እያለ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ያልፋል።

«አሜን፣ አሜን» ይላሉ ሰብሳቢው። ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «እንዴት ያለ ጨዋ የእንግዳ አቀባበል ነው!» አሉኝ።

ከኋላ አንዲት ሴት «ለመሆኑ የሞተው ማነው?» ስትል ሰማሁ።

«መጀመሪያ አልቅሺ፣ ኋላ ትጠይቂያለሽ» አለቻት ጓደኛዋ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሟል። ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ «ይጀምሩ» አሉኝ። እንደ አለመታደል ሆኖ፣ ለመክፈቻ በብረቱ ዋሽንት ያዘጋጀሁት በትዝታ ቅኝት የሚሄድ ዝግ ያለ ዜማ ነበር። ከመጀመሪያው ትንፋሽ ጀምሮ ድንኳኑ በሲቃ ተናወጠ። በመካከል አንዲት የታወቁ አልቃሽ ተነሥተው፣ ዜማዬን ተከትለው አወረዱት፦

«ስሙን ማን ልበለው፣ ዘመዱን ሳላውቀው፣
ዋሽንት ያስታውቃል፣ ደግ ነው የወደቀው።»

ከሦስቱ ገምጋሚዎች አንዱ መሐረብ አወጡ። እኔ ግን ከዚህ በላይ መቀጠል አልቻልሁም።

«ወገኖቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የሞተ ሰው የለም። ይህ የሙዚቃ ዝግጅት ነው።»

ለቅሶው ቀጥ አለ። የእድሩ ዳኛ ወደ ጡሩምባ ነፊው ዞሩ። «የዋሽንት ዝግጅት ነው ብለህ አልተናገርህም?»

«ተናግሬያለሁ እንጂ! ጡሩምባ ከሰማ በኋላ ወሬ የሚሰማ ማን አለ?»

አንዳንዱ ለመሄድ ተነሣ። ሕዝቡ ከወጣ ቅጥሬም አብሮ መውጣቱ ነው። ዳኛው ግን ከዘራቸውን ከፍ አደረጉ።

«ተቀመጡ! ድንኳን ሳይፈታ ማንም ንቅንቅ እንዳይል ሕግ ያወጣችሁ እናንተ ናችሁ። የወጣ እንደቀረ ይቆጠራል፣ ይቀጣል!»

ሁሉም ተቀመጠ። ከፊት የነበሩ አንድ አዛውንት ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ማንም ሳይሞት እንዲህ ካነደድኸን፣ እውነት የሞተ ቀን ምን ልታደርገን ነው? በል አሁን እንዳስለቀስኸን አስቀን!» አሉ።

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። የብረቱን ዋሽንት አስቀምጬ የሸንበቆውን አነሣሁና የመንዝን የሠርግ ዘፈን ለቀቅሁት። ነጠላ እንደተዘቀዘቀ ትከሻ ተመታ። ከሁሉም ብርቱ ሆነው የተገኙት እኒያው አልቃሽ ነበሩ፤ ጥቂት ቆይተው ሰብሳቢውን ከነጥቁር ልብሳቸው ጎትተው አስነሧቸው። ድንኳኑ እስኪፈታ ድረስ አንድ ሰው አልወጣም።

ስንለያይ ጡሩምባ ነፊውን ላመሰግናቸው ሄድሁ።

«ሰው ማምጣቱን ለእኔ ተወው» አሉኝ፤ «ማቆየቱን ግን አንተም ትችልበታለህ።»

ከአንድ የሙያ ባልደረባ ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና ይህ ነው።

ገምጋሚዎቹ ባቀረቡት ሪፖርት ላይ፣ «ታዳሚው ዜማው ከመጀመሩ አስቀድሞ በስሜት ተነክቶ ያለቅስ ነበር፤ የኅብረተሰቡም ተሳትፎ እጅግ ከፍተኛ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የሚታረም ቃል አላገኘሁበትም። በዚሁ መሠረት የዋሽንት መምህርነቴ፣ ከአዲሱ በጀት ዓመት መጀመሪያ ከሐምሌ አንድ ቀን ጀምሮ በቋሚነት ጸደቀ።