ከልጄ ራስ በላይ ያለው ብረት

ባለቤቴን ሰፈሩ «ሚሊ» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው እኔና መታወቂያው ብቻ ሳንሆን አንቀርም። የብረት በርና መስኮት ይሠራል፣ አልፎ አልፎም አልጋ። በሩ አንዲት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈች ቀለም የተቀባውን ሳይቀር ቆርጦ እንደገና ይጀምራል። ደንበኛ ይጮኻል፣ እኔ እጮኻለሁ፣ እሱ ሜትሩን ዘርግቶ ዝም! ከግድግዳ ጋር የተጋባሁ የሚመስለኝ ጊዜ አለ።

የተዋወቅነውም በበር ነው። የአባቴን ቤት በር ሊገጥም መጥቶ የአንድ ቀኑ ሥራ ሦስት ቀን ፈጀበት። በሦስተኛው ቀን እናቴ ቢቸግራት «ይሄ ሰውዬ የመጣው ለበሩ ነው ለልጅቷ?» አለች፣ እየሰማት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ማጠፊያውን ዘይት መቀባቱን ቀጠለ። በማግስቱ ሽማግሌ ላከ።

ከተጋባን ሃያ ስድስት ዓመታችን ነው፤ ሥራውንም አብረን ነው የምንሠራው። እሱ ይበይዳል። እኔ ግራይንደሬን ይዤ የብየዳውን እብጠት ከብረቱ ጋር እኩል እስኪሆን እፈጨዋለሁ፣ ጉድጓድ ካለው ስቱኮ እሞላለሁ፣ ከዚያ ቀለም እቀባለሁ። ስጨርስ ይመጣና አውራ ጣቱን መጋጠሚያው ላይ ያንሸራትታል። «አይታይም» ይላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ሌላዋ ሴት «ማሬ»፣ «ውዴ» ትባላለች፣ የእኔ ይቺ ናት። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ቀኑን ሙሉ አቧራ ስቅም የምውለው ይቺን ለመስማት ነው።

ልጃችን አንድ ናት። «ቤንዚን» እንላታለን፤ ያያት ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ዳቦ የምታከፋፍል መኪና ትነዳለች። አንድ ቀን አንዲት ያረጀች ትንሽ መኪና በገመድ አስጎትታ ግቢያችን አስገባች። ወለሏን ዝገት በልቶታል፣ በሮቿ አንዱ አለ አንዱ የለም።

«ምንድን ናት ይቺ?» አልኳት።

«የውድድር መኪና።»

ሳቅኩ። ቆሻሻ መጣያ ቀድማ ለመግባት የምትወዳደር መሰለኝ። እሷ ግን ምርሯን ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ድንጋይ ማውጣት የቀረበት ካባ አለ፤ እዚያ ውስጥ የአፈር መንገድ ጠርገው በየቤቱ በቀጣጠሏቸው መኪኖች ይሽቀዳደማሉ። ሞተሩን ራሷ አድሳዋለች። የቀራት ሻንሲውን፣ የመኪናዋን አጽም ማለት ነው፣ የሚያጠነክር የቱቦ ፍሬም፣ ደግሞም መኪናው ቢገለበጥ ጣራው ራሷን እንዳይጨፈልቀው የሚሸከም ቅስት ብረት ነው። ይሄን ስትነግረኝ የቤት ኪራይ የምታወራ ነው የምትመስለው።

«ብትገለበጪስ?» አልኳት።

«እማዬ፣ አባዬ ለምኑ ነው?»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ፍርሃት ቤቴ ገብቶ ተቀመጠ። ጠዋት ከእኔ ጋር ይነሳል፣ ማታ ከእኔ ጋር ይተኛል። ሚሊ እምቢ ይላታል ብዬ ነበር ተስፋዬ። መኪናዋን ሁለቴ ዞራት፣ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ፣ ከዚያ ሜትሩን አወጣ። ወይ ጉዴ! አለቀ አልኩ በሆዴ።

ልጅቷን የወጥ ቤቱ በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ ሄልሜት አስደፍቶ፣ ከመቀመጫዋ እስከ ሄልሜቱ ጫፍ ለካት። አራት ጣት ጨመረ። ደግሞ አራት ጣት ጨመረ። «አባዬ፣ ለቀጭኔ ነው እንዴ የምትሠራው?» ብላ በርጩማው እስኪነቃነቅ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ቱቦው ሲታጠፍ እንዳይጨማደድ አሸዋ ሞልቶ፣ ጫፍና ጫፉን ወትፎ፣ በእሳት እያጋለ ቀስ እያለ አጎበጠው። የመጀመሪያው ትንሽ ሲጨማደድ ጣለው። ሁለተኛውንም ጣለው። ሦስተኛው ላይ እንደ በር ቅስት ወጣ፤ ከሾፌሯ ወንበር ጀርባ አቆመውና ከላይ በአራት መጋጠሚያ ከሌሎቹ ቱቦዎች ጋር በየደው። እያንዳንዷ መጋጠሚያ ሁለት ቀን ነው የፈጀችበት። እንዲህ ሆኖ ሲበይድ አይቼው አላውቅም፤ ጭምብሉን አውልቆ ያያል፣ ይነፋል፣ እንደገና ያጠልቃል። ያን ጊዜ ነው እሱም እንደ እኔ እንደፈራ የገባኝ።

«ይሄ በር አይደለም» አለኝ አንድ ቀን፣ ግራይንደሬን ይዤ ስጠጋ። የቀለደ መሰለኝ። «ታዲያ መስኮት ነው?» ብዬው ሄድኩ። እሱም ሌላ አልጨመረም። ሌላ አለመጨመር ልማዱ ነው።

ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ሚሊ ሩቅ ላለ ደንበኛ በር ሊገጥም ሄደ። ልጄ ሥራ ላይ ናት። እኔ ብቻዬን ግቢ ውስጥ ከመኪናዋ ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። እኔ ስፈራ እጄ ሥራ ይፈልጋል። አየሁት ቅስቱን፣ መጋጠሚያዎቹ እብጥ እብጥ ብለዋል። ልጄ በእንዲህ ያለ ያላለቀ ሥራ ሰው ፊት ልትወጣ? የሚሊ ሚስት እያለች? ግራይንደሩን ሰካሁ። ከራሷ በላይ ያሉትን አራቱን አስቀደምኩ፤ ሰው ሁሉ የሚያያቸው እነሱን ነዋ! ለበር ከምፈጨው በላይ ተጠንቅቄ፣ ልስልስ እስኪሉ ፈጨኋቸው። ጉድጓዱን በስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ መኪናዋን በሙሉ ቀይ ቀለም ረጨሁ። የታችኞቹን መጋጠሚያዎች ሳልፈጫቸው መሸ። ልጄ ከሥራ ስትመጣ አቅፋ ሳመችኝ። ራሷ እንዳይጋጭ ደግሞ ላይኛዎቹን ቱቦዎች በስፖንጅ ጠቅልላ በጥቁር ናስትሮ አሰረች።

ሚሊ በማግስቱ ማታ ደክሞት ነው የተመለሰው። ቀዩን አየ፤ የፈጨሁት ግን በስፖንጁ ተሸፍኗል። «ቀባሻት?» አለ። «ቀባኋት» አልኩ። ራሱን ነቀነቀና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

በነጋታው ካባው ቦታ ደረስን። ምን አደከማችሁ፣ አቧራ፣ ጩኸት፣ የነዳጅ ሽታ። ጥግ ላይ ባለፈው ዓመት የተጨፈለቀ መኪና ቆሟል፤ ጣራው ከመሪው እኩል ሆኗል። ሳየው ፊቴን አዞርኩ። ሚሊ ጎማ ሊያመጣ ወደ ኋላ ቀረ። ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው አሉ መኪና የሚፈትሹት፣ ሠላሳ መኪና ተሰልፎባቸው ይጣደፋሉ። የእኛ ጋ ሲደርሱ ስፖንጁን በአንድ በኩል ፈታ አድርገው ዳበሱት፣ በጣታቸው ኳኳ አደረጉት።

«እናት፣ ይሄን ማን ሠራው?»

«ባለቤቴ።»

«እጁ ይባረክ! ብየዳው የት እንዳለ እንኳ አይታይም።» ወረቀቱ ላይ ፈረሙና አለፉ።

ኩራቴን አትጠይቁኝ! ልጄ ለልምምድ ዙር ሄልሜቷን ደፍታ፣ ቀበቶዋን አጥብቃ፣ አውራ ጣቷን አሳይታኝ ወጣች። ሚሊ ጎማውን እያንከባለለ ሲመጣ ሮጬ ተቀበልኩት።

«ስማ! ሰውዬው አመሰገኑህ። ብየዳው አይታይም አሉ!»

ጎማው ከእጁ ወደቀ። «ምን አሉ?»

«አይታይም አሉ! እኔ ነኛ እኩል አድርጌ የፈጨሁት፣ ማን ይሆናል?»

«የትኞቹን?»

«የላይኞቹን፣ አራቱን።»

ፊቱ አመድ ሆነ። «ያበጠው ነው እኮ የሚይዘው» አለ፣ በሹክሹክታ። «ያ ነው ጥንካሬው። ፈጭተሽ ጨረስሽው።» ከዚያ ሮጠ።

ሚሊ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ቀይዋ መኪና ከወዲያ ማዶ ኩርባውን ስትይዝ አየኋት፤ የኋላዋ ተንሸራተተ፣ በአንድ ጎኗ ብድግ ያለች መሰለኝ። አምላኬ፣ እኔን አስቀድመኝ፣ እኔን! በገዛ እጄ ነው የፈጨሁት፣ በገዛ እጄ ቀብቼ የደበቅኩት። ባንዲራ የያዘው ሰውዬ ሚሊን ሊይዘው ሲል ገፈተረው፤ ከመንገዱ ዳር የተወጠረውን ገመድ ዘሎ መሃል ገባና ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። መኪናዋ ቀጥታ ወደ እሱ መጣች። ባሌን ወይስ ልጄን እያልኩ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ከጉልበቱ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት ቆማለች። አቧራው ሲጠራ ልጄ ሄልሜቷን አውልቃ «አባዬ፣ አበድክ እንዴ?» እያለች ትጮኻለች። እሱ ቀበቶዋን ፈትቶ አወጣት። ስፖንጁን ቀደደ፣ ከጎረቤት መኪና ትልቅ መዶሻ ተቀበለና ከወንበሯ በላይ ካሉት መጋጠሚያዎች አንዷን መታ። በመጀመሪያው ቀለሙና ስቱኮው ረገፈ። በሁለተኛው ብረቱ እንደ ከንፈር ተከፈተ። ፈታሹ ሽማግሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ልጄ የተከፈተውን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች። ቤንዚን ያልተቀጣጠለችባት ብቸኛዋ ቀን ያቺ ናት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚሊን «ስደበኝ» አልኩት። መንገዱን ብቻ እያየ ይነዳል። «ስደበኝ እንጂ! ምታኝ፣ የሆነ ነገር በለኝ!»

«ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩሽን ነው የሠራሽው» አለ። «ይሄ በር አይደለም ብዬ ለምን እንደሆነ ሳልነግርሽ የሄድኩት እኔ ነኝ።» በሕይወቱ ከተናገራቸው ረጅሙ ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ቅስቱን ቆርጦ ጥሎ አዲስ ሠራ። ይሄኛውን ሲበይድ ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ ብረቱ እንዴት እንደሚቀልጥ፣ እብጠቱ ለምን እንደሚተው፣ አንድ በአንድ እየነገረኝ። እኔ ቀጭን ቀለም ብቻ አለበስኩት። ግራይንደሩን ያን ሰሞን ጎረቤት ቤት አስቀምጬው ነበር፤ እጄን አላምነውም።

በሚቀጥለው ውድድር ጠዋት ልጄ ወንበሯ ላይ ሆና ቀበቶዋን ታጠብቃለች። ፍርሃቴ የትም አልሄደም፣ ዛሬም አብሮኝ ነው የተነሳው። ሚሊ በተከፈተው በር ጎንበስ ብሎ ስፖንጁን ገለጥ አደረገና አውራ ጣቱን ከራሷ በላይ ባለችው መጋጠሚያ ላይ አሳለፈ። ጣቱ እብጠቱ ላይ ደረሰና ቆመ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«ይታያል» አለኝ።

እንባዬን በመሐረቤ እየጠረግኩ የመኪናዋን በር ዘጋሁላት።