እግር ያረፈበት ጆንያ

አባቴ አራጌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚያ ክረምት ከወር በላይ የተኛው አልጋው ላይ አልነበረም። መሬት ላይ ቁርበት ተነጥፎለት፣ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሁለቱን ባቶቹን ግማሽ የማሽላ ጆንያ ላይ አሳርፎ ነበር።

ሕመሙ ከወገቡ ይነሣና በግራ መቀመጫው አልፎ፣ በጭኑ ጀርባ እንደ ጋለ ሽቦ ወርዶ ትንሿ ጣቱ ላይ ይቆማል። ሲያስነጥሰው እንኳ ይጮህ ነበር። ጎረቤት ሁሉ «ብርድ ነው» አለ። ቆቦ ጤና ጣቢያ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ያየችው ባለሙያ እግሩን ቀጥ አድርጋ አነሣች፤ ጣቶቹንና ተረከዙን ነካካች፤ ከወገብ የሚወርደው ትልቁ ነርቭ ተጭኖ እንደሆነ ነገረችን።

«ብዙ ሰው በጥቂት ሳምንት ይሻለዋል፣ አባባ። ብዙ አይቀመጡ፣ ከባድ አያንሡ። ሲብስብዎ ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን ከፍ አድርገው ይተኙ። በየሰዓቱ ተነሥተው ቀስ እያሉ ይራመዱ። ሽንትዎን መቆጣጠር ካቃተዎ ወይም እግርዎ ከከዳዎ፣ ብሽሽትዎ ከደነዘዘ ግን፣ ሳያድሩ ይምጡ።»

ቤት ስንደርስ ለእግሩ ከፍታ ፈለግን። በርጩማው ባቱን ቆረጠው። ትራሱ አነሰው። እማዬ ትርንጎ ጥግ የነበረውን ጆንያ ጎትታ አመጣች። የአምናው፣ ጅጉርቲ የምንለው ማሽላ ነው፤ ግማሽ ሆኗል፤ ከዚያ ሌላ እህል በቤቱ አልነበረም። አባቴ ባቶቹን ሲያሳርፍ እህሉ በእግሩ ልክ ጎደጎደለት። «እሰይ» አለ። ከስንት ቀን በኋላ የሰማናት እሰይ ነበረች።

ችግሩ፣ ጆንያው የሚበላ መሆኑ ነው። እማዬ በየሁለት ቀኑ ፈትታ ለወፍጮ ታወጣለች፤ የአባቴም እግር ትንሽ ይወርዳል፤ ሕመሙም ይመለሳል። አንድ ቀን እሱ ደጅ ሲራመድ ጠብቃ ከሥር ገለባ ጠቀጠቀችበት። ተመልሶ እግሩን አሳረፈና ጆንያውን በባቱ ጫን ጫን አደረገው።

«ትርንጎ።»

«አቤት።»

«ይኼ ማሽላ ከመቼ ወዲህ ነው የሚንኮሻኮሸው?»

«አርጅቶ ነው።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ አልንኮሻኮሽም።» ቀጠለና፣ «የቀረው ስንት ቀን ያቆየናል?» አላት።

«አንተ ዝም ብለህ ዳን» አለችው።

በዚያ ዓመት ሜዳው ላይ ዝናብ አልጣለም። ማሽላችን ጉልበት ድረስ ደርሶ ቅጠሉ ተጠቅልሏል። እንዲህ ሲሆን ተስፋችን ጎርፍ ነው። ደጋው ላይ ሲዘንብ ደረቁ ወንዝ ይሞላና ውሃው በቦይ ተጠልፎ በየማሳው በተራ ይገባል። ሕጉ አጭር ነው፤ ውሃ በሚገባበት የማሳው አፍ ላይ ሰው ያልቆመለት ይታለፋል። ጠባቂ የሌለው አፍ ከተከፈተ ቦዩ ተደርምሶ የሁሉንም ያጥባልና። የሚያከፋፍለው ከማሉዲን የአባቴ አብሮ አደግ ነው፤ ውሃ ላይ ግን ለገዛ ወንድሙም አያዳላም። ከቤታችን ደግሞ አፉ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ በምዕራብ ያለው ተራራ ጠቆረ። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። በዚያው ሰዓት የእናቴ ወንድም ከበደ ከጎብዬ ወጌሻ ይዞ ገባ።

«አራጌ! እንደ ሙሽራ እግርህን ሰቅለህ እስከ መቼ ነው?» አለ ገና ከደጅ።

ወጌሻው ለስላሳ አንደበት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ወገቡን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ከበደ በብብትህ ይይዝሃል፤ እኔ እግርህን እስባለሁ። ትጮሃለህ። ከዚያ ትቆማለህ።»

«አባ፣ ሐኪሟ ያለችውን ረሳኸው?» አልኩ። «ነርቭ ነው እኮ፤ ገመድ አይደለም።»

«ሐኪሟ መጥታ ጎርፍ ትጠልፍለታለች?» አለኝ ከበደ።

ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ። አባቴ ጆንያውን አየ፤ እማዬን አየ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሊስማማ መሆኑን ከከንፈሩ አወቅሁ።

«ዛሬ እቆማለሁ» አለ ለወጌሻው። «ነገስ?»

ሽማግሌው እጃቸውን ከወገቡ ላይ አነሡ። «በነገው አልዋሽህም። የዳነ አለ። ተሸክመው የወሰዱትም አለ።»

«ጎርፉ የዛሬ ብቻ ነው እንዴ?» አለች እማዬ። «እኔ የምፈልገው ለከርሞም የሚቆም እግር ነው።»

ከወንዙ በኩል «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

«ትርንጎ፣ አካፋውን ይዘሽ ቅደሚ» አለ አባቴ። «ከበደ፣ ትከሻህን።»

«እኔስ?» አሉ ወጌሻው።

«እርስዎ ጆንያዬን።»

በየሰዓቱ ሲራመድ እርምጃውን ይቆጥር ነበር፤ መጀመሪያ አሥር፣ ከዚያ አርባ፣ በዚያን ቀን ጠዋት መቶ። ማሳችን ሦስት መቶ እርምጃ ይርቃል። ከመቶው በኋላ መቁጠሩን ተወ። ሁለት ጊዜ ቆመ። እኔ ዓይኔን ከግራ እግሩ ላይ አልነቀልኩም፤ ጣቱ መሬት እንዳይጎትት ፈርቼ።

«አባ፣ እግርህ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል። ምነው ባልተሰማኝ።»

ውሃው እንደ ጭነት መኪና ሲያጓራ ይሰማል። የከማሉዲን ድምፅ ከላይ መጣ። «የአራጌ አፍ ሰው አለው?»

«አለ!» አለ አባቴ። ድምፁ አልደረሰም። ገና ነበርን።

«ከሌለ አልፈዋለሁ!»

«አለሁ!» ስትል ሰማናት፤ እማዬ ቀድማ ደርሳለች።

«ትርንጎ፣ መቼ እንደሚዘጋ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም! የሚያውቀው እየመጣ ነው!»

አባቴ የቦዩ ዳር ላይ ተንጋለለ። ወጌሻው ጆንያውን ከባቶቹ ሥር ሸጎጡለት። ከማሉዲን ከላይ አይቶ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ሱብሃነላህ! ተኝቶ የሚያጠጣ ገበሬ አየሁ!»

«ሳቅህን ተወውና ልቀቀው!»

ቡናማው ውሃ ቅርንጫፍ እየገፋ መጣ። አባቴ ፊቱ ወደ ሰማይ ነው፤ ውሃውን አያየውም። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ቁረጪ። ወደ ግራ አስፊው። ከበደ፣ ድንጋይ፤ ዳሩን እየበላው ነው።» በእውነትም እየበላ ነበር፤ እማዬ የቆመችበት አፈር ተንዶ እስከ ጉልበቷ ሰመጠች። ከበደ ቀሚሷን ይዞ ጎተታት። ውሃው በማሽላው መካከል እየተስለከለከ ሄደ። ድምፁ ሲቀጥን እኔም ሰማሁት።

«ዝጉ! አሁን! የእሾኹን ቅርንጫፍ አስቀድሙ፣ አፈሩ ከላይ!»

ወጌሻው ሳይቀሩ በእጃቸው አፈር ዛቁ። አፉ ተዘጋ። ከማሉዲን የቀጣዩን ሰው ስም ጠራ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ሁለት ሳምንት ተኛ፤ እህሉ ሲያልቅ ጆንያው ሙሉ በሙሉ ገለባ ሆነ፤ እኛም ከከማሉዲን ቤት ተበድረን በላን። ከዚያ ሕመሙ ቀስ በቀስ ለቀቀው። ታኅሣሥ ላይ፣ ማሽላው ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ወገቡን ይዞ ገባና ቁርበቱ ላይ ተጋደመ። እማዬና እኔ አዲሱን ጆንያ አንከባልለን አመጣንለት። እስከ አፉ ሞልቶ ጠጥሯል። ባቶቹን ሲሰቅልበት እግሩ ጣራ ሊነካ ደረሰ።

«አይሆንም» አለ። «ልኬ ግማሽ ላይ ነው። በሉ እንጂ፤ ምን ትጠብቃላችሁ?»

እማዬ ጆንያውን ፈታችና ለወፍጮ መስፈር ጀመረች።