ከቀለሙ ውስጥ ያየሁት

አብዮት ጠባቂዎች ወንድሜን ከቤት ከወሰዱት በኋላ እናታችን አጥብቃ ያስተማረችን አንድ ነገር ነው። ማንም ምንም ቢጠይቃችሁ አላየሁም፣ አልሰማሁም በሉ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ትላለች። ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ጉለሌ ሰባተኛ ክፍል እማራለሁ፣ በሒሳብ ወንዶቹን ሳይቀር አስከነዳለሁ። አለማየትንም እንደ ሒሳቡ ቶሎ ያዝኩት።

በዚያ ዓመት አንድ ወጣት መምህር ከዩኒቨርሲቲ መጣ። የልጆችን የማሰብ ችሎታ አጠናለሁ ብሎ ተራ በተራ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠራን። ጠረጴዛው ላይ አሥር ካርዶች አሉ። ቀለም ፈሶባቸው መሐል ለመሐል የታጠፉ ይመስላሉ፤ ግራና ቀኛቸው አንድ ነው።

«ምን ይታይሻል?» አለኝ፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ።

መዓት ነገር ታየኝ። ፊት ለፊት ቆመው ልብስ የሚጨምቁ ሁለት ሴቶች፣ የተወጠረ የበግ ቆዳ። ሦስተኛው ላይ በደረቱ የተደፋ ሰው ነበር፤ ከጳውሎስ ሆስፒታል ስመለስ መንገድ ዳር ተገድሎ ያየሁት ዓይነት። ግን የምለው ሁሉ ሊጻፍ ነው። ጽሑፉ ማን እጅ እንደሚገባ በምን አውቃለሁ?

«ቀለም ነው» አልኩ።

«ሌላስ?»

«ቀለም ብቻ።»

አሥሩንም እንዲሁ አልኩ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ እስኪያልበው ለመነኝ።

በሳምንቱ እናቴ ተጠራች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ።

«እናቴ፣ ልጅዎ አእምሮዋ ዘገምተኛ ነው» አላት መምህሩ። «ትምህርቱ ይከብዳታል። ስፌት ብትማር ይሻላል።»

ትሟገትልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እውነቱን ታውቃለች። ግን ለማስረዳት፣ ዝም በሉ ያለችን እሷ መሆኗንና ለምን እንዳለችን መናገር ነበረባት። ነጠላዋን አጣፍታ እጅ ነሣች። «እርስዎ ካሉ ይሁን፣ ጌታዬ» አለች።

እንዴት እንደተናደድኩ! መንገድ ላይ እያለቀስኩ ጮህኩባት። «ደደብ ናት ሲልሽ እሺ አልሽ!»

ዙሪያዋን ቃኝታ ክንዴን ያዘች። «የወሰዱብኝ ጎበዙን ነው» አለች። «ቂል ልጅ ያላት እናት፣ ልጅ አላት።»

ዓመቱን ሳልጨርስ ስፌት ገባሁ። እስክትሞት ድረስ ቂሜ አልወጣልኝም። በኋላ የራሴ ልጅ አሥራ አራት ሞላት፤ መምህሯ አስጠርታኝ «ይቺ ልጅ በጣም ጎበዝ ናት» ስትለኝ፣ ከደስታው በፊት ፍርሃት መጣብኝ። እናቴን ይቅር ያልኳት ያን ቀን ነው።