ዳቦው የተመለሰበት ተራራ

እናቴ ካልጋሪ የገባችው በግንቦት ነው። የመመለሻ ትኬቷ ለመስከረም የተቆረጠ ቢሆንም ቪዛዋ ከዚያ አልፋ እንድትቀመጥ ይፈቅድላታል፤ ትኬቱንም ማራዘም ይቻላል። የበረዶውን ወራት እዚህ ትከርማለች ወይስ ትመለሳለች? ውሳኔው የእሷ ነበር። ስጠይቃት «ኢንሻአላህ» ትላለች። ይህቺን የእናቴን ኢንሻአላህ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። እሺም እምቢም አይደለችም፤ «አትጨቅጭቂኝ» ማለት ናት።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አንጠልጥዬ መቀመጥ አልችልበትም። ቁጭ ብድግ እላለሁ፤ የተከደነውን ድስት እከፍታለሁ፣ የተከፈተውን እከድናለሁ። ቤቴ ስካይቪው ራንች የሚባል ሰፈር ነው። ኤርፖርቱ ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላኖቹ ሆዳቸውን እያሳዩ በላያችን ያልፋሉ። እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ ታያቸውና «ይሄስ ወዴት ነው?» ትለኛለች። «ቶሮንቶ» እላታለሁ፣ የት እንደሚሄድ ሳላውቅ። ያን ሰሞን ስንቱን አውሮፕላን ቶሮንቶ እንደላኩት! አንዱን እንኳ ወደ አዲስ አበባ አልላኩም።

የተራራና የበረሃ ጉዞ ማቀድ የጀመርኩት ያኔ ነው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ሳነሳ፣ ሳስቀምጥ፣ ሳጎርስ እውልና ስመለስ የራሴዋ ግድግዳ እያየች ትጠብቀኛለች። ዕድሜዋን በሙሉ በገበያና በለቅሶ፣ በሠርግና በዘመድ ጥየቃ ስትመላለስ የኖረች ሴት እንዲህ እግሯ ታስሮ ሳያት አንጀቴን ትበላኛለች። አገሩን ብትወደው ትቀራለች ብዬ አሰብኩ። እንድትወደው ደግሞ ማየት አለባት። ከካልጋሪ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ቢነዱ በሰኔም በረዶ የማይለቃቸው ተራሮች አሉ፤ ወደ ምሥራቅ ቢነዱ ደግሞ የስንዴው ሜዳ ድንገት ይሰነጠቅና ደረቅ፣ አመድማ በረሃ ይሆናል። በአንድ ከተማ ግራና ቀኝ ሁለቱም! ይሄ ካልያዛት ምን ይይዛታል?

ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ላፕቶፕ እከፍታለሁ። ቅዳሜ ተራራ፣ እሑድ በረሃ አደርገዋለሁ፤ ዝናብ አለ ሲባል እገለብጠዋለሁ። የድንኳን ቦታ እይዛለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ መልሼ ስፈልገው ሌላ ሰው ወስዶታል። የአየር ጠባዩን በአንዱ አፕ አይቼ አላምን እልና በሌላው አያለሁ። ድብ የሚያባርር ስፕሬይ ገዛሁ፤ በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ገዛሁ። እናቴ ይሄን ሁሉ ስታይ ቆየችና አንድ ቀን ጠየቀችኝ።

«ማንን ልንጠይቅ ነው የምንሄደው?»

«ማንንም። ተራራውን ልናየው ነው።»

«ምነው፣ ታሟል?»

ሳቅኩ። ግን ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምሯን ነበር። እናቴ የደሴ ልጅ ናት፤ ጦሳ ተራራ አናቷ ላይ ቆሞ ነው ያደገችው። ተራራ ብርቋ አይደለም። ብርቅ የሆነባት ሰው የሌለበት ቦታ ለመሄድ ይህን ያህል መሯሯጤ ነው። በእሷ ቤት መንገድ የሚኬደው ወደ ሰው ነው፤ የታመመ ለመጠየቅ፣ የወለደች ለማየት፣ የሞተበትን ለማጽናናት። በጉዞው ዋዜማ ከሥራ ስገባ ጥቁር አዝሙድ ጣል ያደረገችበት ድፎ ዳቦ ከኦቨን እያወጣች ደረስኩባት።

«ይሄን ሁሉ ለሁለታችን?»

«ባዶ እጄን ሰው አገር አልሄድም።»

«ሰው የለም አልኩሽ እኮ፣ እማዬ!»

«ሰው ከሌለ አንቺ ምን ቆርጦሽ ትሄጃለሽ?» አለችኝና ዳቦውን በነጭ ፎጣ ጠቀለለችው።

ተራራው ላይ ከእኔ የተሻለ ሄደች። የእኔን የክረምት ጃኬት በቀሚሷ ላይ ደርባ፣ የብረት ጥርሱን ጫማዋ ላይ እሰሪልኝ ብላኝ ሳይሆን እኔ ለምኜ አስሬላት፣ ሽቅቡን ስትወጣው እኔ ከኋላዋ ሳለከልክ ነበር። ሽቅቡ ያደረሰን ሐይቅ ገና ግማሹ በረዶ ነው። ዙሪያውን ተራራው ነጭ ለብሶ ቆሟል። እናቴ በረዶ ዘግና አሸተተች፣ «ሱብሃነላህ» አለች፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጋ ዙሁር ሰገደች። እኔ ከፊቷ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ወደደችው? አልወደደችውም? ሰግዳ ስትጨርስ ግን ዓይኗ ተራራውን ሳይሆን መንገደኛውን ይከተል ጀመር። ፈረንጆቹ በየተራ «ሃይ» እያሉን ያልፋሉ። እናቴ ለሁሉም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትነሳላቸዋለች፤ እነሱ ቆመው አያዩዋትም።

«ሰላም ብለው መልሱን ሳይሰሙ ይሄዳሉ» አለች። ቀጥላም «እዚህ ማታ ማን ነው የሚያድረው?»

«ድብ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ድብ።»

አልሳቀችም። ዳቦው እንደተጠቀለለ ወደ መኪና ወረደ፣ እንደተጠቀለለ ቤት ገባ። «ዳቦው ተመለሰ» አለች ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው፣ አንድ መጥፎ ነገር እንደደረሰብን ሁሉ። እኔ ያን ሳምንት ለቁርስም ለምሳም እሱን በላሁ። እሷ አልቀመሰችውም።

ተናደድኩ። እንዲያ ለፍቼ፣ እንዲያ አቅጄ፣ የምታስታውሰው ዳቦውን! በማግስቱ ላፕቶፑን እንደገና ከፈትኩ። ተራራው ካልሆነ በረሃው ይሆናል፤ ቀን ብቻ ውለን ስለመጣን ነው፣ አድረን ብናየው ሌላ ነው። ለነሐሴ የድንኳን ቦታ ያዝኩ። ይሄኛውን አልሰረዝኩትም።

ድንኳኑን ያዋሰችኝ አብራኝ የምትሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ቤት ድረስ አመጣችልኝ።

«ስሚ፣ ቴንቱ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ግን ፖሎቹን ቼክ አድርጊያቸው፣ ላስት ታይም አንዱ ሚሲንግ ነበር።»

«አንቺስ ለምን አትመጪም?»

«ኦፍ የለኝማ! ዊክኤንዱን ሙሉ ሺፍት ነኝ። ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ እናንተ ሥጋ ስትጠብሱ ቁጭ ብዬ ልይ?» አለችና ወደ እናቴ ዞራ፣ «እማማ፣ እርስዎ ግን በዚህ ዕድሜዎ ሜዳ ላይ ሊያድሩ ነው? ልጅዎ አብዳለች!»

እናቴ ሳቀች፤ ልትሸኛትም ተነሳች። እኛ ቤት እንግዳ የሚሸኘው እስከ በሩ ነው፤ ቢበዛ እስከ አሳንሰሩ። እናቴ ግን ታች ድረስ ወርዳ ቆየች። በመስኮት ሳይ መኪናው አጠገብ የልጅቷን እጅ ይዛ ታወራታለች። ስትመለስ «ምን አወራችሁ?» ብላት፣ «ሰው አይሸኝም እንዴ?» አለችኝ።

ድንኳኑን ለመሞከር ሶፋውን ገፍቼ ሳሎን ውስጥ ተከልኩት። እናቴ ጎንበስ ብላ ገባች፣ ዙሪያውን ዳሰሰች፣ ፍራሽ አስመጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኝታ ቤቷን ትታ እዚያ ማደር ጀመረች። እኔም አጠገቧ ገባሁ። ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ተጠጋግተን ተኝተን አናውቅም። «ይሄ ይሻላል» አለችኝ፤ «በዚያኛው ክፍል ትንፋሽሽ አይሰማኝም።» ደስ አለኝ። ቤት እንደያዘች፣ እንደቀረችልኝ ቆጠርኩት። ጎረቤት መጥቶ ሳሎን ውስጥ ድንኳን ቢያይ ምን ይለን ይሆን ብዬም አልተጨነቅኩ።

ለበረሃው ጉዞ ሥጋና ከሰል ልንገዛ ፎረስት ሎን፣ አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ ወዳለው ሐላል ሱቅ ሄድን። ባለሱቋ የኮምቦልቻ ሴት ናት። እኔ ከሰሉን መርጬ ስመለስ ሁለቱ አንገት ላንገት ገጥመው ያወራሉ፤ እኔን ሲያዩ ዝም አሉ። «ምን ነበር?» ብል እናቴ «ስለ በርበሬ ነው» አለች። ባለሱቋ ግን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አይቻታለሁ። በርበሬ ነው አልኩ እኔም።

ዳቦው እንደገና ተጋገረ። በዚህኛው ጊዜ አልተከራከርኳትም።

መንገዱ እስኪሰለች ድረስ ሜዳ ነው። ድንገት መሬቱ ይጎደጉዳል፤ ውኃ የሸረሸራቸው ገደሎች፣ ድንጋይ ባርኔጣ የደፉ የአፈር ምሰሶዎች፣ ከታች ወንዙና ጥቂት ዛፎች። ሙቀቱ በመስኮቱ ገባ። እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ይሄንንስ አውቀዋለሁ!» አለች። «ወደ ባቲ ስትወርጂ እንዲህ ነው እኮ! ከአባትሽ ጋር ለገበያ ስንወርድ። ግመሉ ብቻ ነው የቀረው።» እየጠቆመች፣ እየሳቀች፣ ይሄን ገደል በባቲው እየመሰለች ወረድን። መሪውን ይዤ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ያዝኳት አልኩ። ትቀራለች።

ድንኳን ቦታው ወንዙ ዳር ነው። ልጅቷ እንደፈራችው አንዱ ዘንግ ጎደለ፤ ሳሎን ስንነቅለው ሶፋው ሥር ቀርቶ መሆን አለበት፤ ነፋሱ ደግሞ ድንኳኑን ከእጄ ነጥቆ ሊወስደው ሆነ። እኔ በአንዱ ጫፍ፣ እናቴ በሌላው፣ እንጎተታለን። ከጎናችን ካለች ትንሽ ተጎታች ቤት አንዲት ያረጀች ፈረንጅ ወጣች፤ ብቻዋን ናት፣ ውሻዋ ይከተላታል። ሦስተኛውን ጫፍ ረግጣ ያዘችልን፣ የጎደለውን በራሷ ምርኩዝ ተካችልን። ውሻው ወደ እናቴ ሲጠጋ እናቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። ሴትዮዋ ማንም ሳይነግራት ውሻውን ወስዳ አሰረችው። «ይቺ ሰው ታውቃለች» አለች እናቴ።

ድንኳኑ እንደቆመ ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች። «ነይ፣ አስተርጉሚልኝ።»

የሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ፎጣውን ፈታች። ሴትዮዋ ሽታውን ስባ ዓይኗን ጨፈነች። እናቴ ቆርሳ ሰጠቻት፤ እስክትውጥም ጠበቀቻትና ጥያቄዋን ጀመረች። ልጆች አሉሽ ወይ? አሉ፣ ሩቅ ናቸው። ባል? የባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ሞቷል። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። ቤትሽ የት ነው?

«ኦግደን ነኝ ትላለች፤ ካልጋሪ ውስጥ።»

«ከእኛ ይርቃል?»

«የከተማው ሌላው ጫፍ ነው፣ እማዬ።»

«በእግር ነው በመኪና?»

«በመኪና ግማሽ ሰዓት ይሆናል።»

«ጎረቤት ናታ!» አለች እናቴ። ፊቷ በራ። የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጇ ያዘች፤ ለእኔ ስትናገርም ዓይኗ ከእሷ አልተነሳም።

«ልጄ እዚህ አገር ብቻዋን ናት በያት። ቁጭ ብላ አታውቅም፤ ሲጨንቃት ትሮጣለች እንጂ አትናገርም በያት። እኔ መስከረም ላይ አገሬ እገባለሁ። በረዶው ሲመጣ አልፎ አልፎ ደውላ ድምፅሽን ትስማ። ብትታመሚ ብቅ ትበል። አደራ በያት።»

የልጅቷ እጅ፣ መኪናው አጠገብ። የባለሱቋ ዓይን። ተራራው ላይ መንገደኛውን ሁሉ እየተነሳች ሰላም ያለችው። እኔ እሷን የማስቀርበት ቦታ ስፈልግ፣ እሷ ደግሞ እኔን የምታስቀምጥበት ሰው ስትፈልግ ነበር የከረምነው።

ሴትዮዋ ምን አለች በሚል ዓይን አየችኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን አልኳት፤ ዳቦውን ራሷ ነው የጋገረችው፣ ትኩሱን ሲበሉት ይጥማል ትላለች። ሴትዮዋ አመሰገነች። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። እኔን ግን ታውቀኛለች።

«ያን ሁሉ ተናግሬ ይሄን ያህል አያጥርም» አለችኝ። «በደንብ ንገሪያት፣ ልጄ። አብሽሪ።»

«እናቴ ልትሄድብኝ ነው» አልኩ። በእንግሊዝኛ ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ሰማሁት። ከዚያ የቀረውን፣ ብቻዬን መሆኔን፣ መሮጤን፣ በረዶውን፣ ስልኩን፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እያለቀስኩ ነበር፤ አልደበቅኩትም።

ሴትዮዋ ተነስታ ወደ ተጎታች ቤቷ ገባች፤ ስልኳንና መነጽሯን ይዛ ወጣች። መነጽሯን አድርጋ ቁጥሬን ጠየቀችኝ፤ አንድ በአንድ እየነካች ጻፈችው፤ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ እዚያው ደወለች። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

እናቴ ጩኸቱን ሰማች። የሴትዮዋን እጅ ለቀቀች፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ከዳቦዋም ቆርሳ ጎረሰች።