የዓርብ ሮሾጎላ

ይህን ጽሑፍ ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ የተበደለችው ሉብና፣ የበደሏት የገዛ አክስቴ፣ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝና።

ሉብና የመርሳ ልጅ ናት። በ1996 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኝነት ኩዌት ሄዳ ስድስት ዓመት ኖራለች። በተቀጠረችበት ቤት ምግብ የምታበስለው ሞርጂና የምትባል የባንግላዴሽ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ሉብና የጣደችው ወተት ተቆራረጠና እመቤቲቱ «ሒማራ!»፣ አህያ፣ ብለው ሰድበዋት ወጡ። ሞርጂና ግን ሳቀች፤ የቀረውንም ወተት ሆን ብላ ሎሚ ጨመቀችበት።

«ዛሬ ልታስገድለኝ ነው አልኩ» ትላለች ሉብና።

ሞርጂና የተቆራረጠውን በስስ ጨርቅ አጥልላ፣ በመዳፏ አሽታ፣ አድቦልቡላ በፈላ የስኳር ውኃ ውስጥ ጣለችው። እያበጠ ተንሳፈፈ። ሮሾጎላ ይባላል። ስታሽ የአገሯ ጀልበኞች ወንዝ ላይ የሚያዜሙትን ታንጎራጉር ነበር፤ ድምፁ አንድ ቃል ላይ ረጅም ቆይቶ ነው የሚወርደው። ሉብና ቃሉን ባታውቀውም ዜማው የአገሯ መሰላትና በአምባሰል መለሰችላት። ከተሰባበረው ዓረብኛቸው ይልቅ በዚህ ይግባቡ እንደነበር አጫውታኛለች።

በ2002 ስትመለስ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችውን የአክስቴን የእትዬ ብዙነሽን ባዶ ክፍል ተከራይታ ጣፋጭ መሸጥ። አክስቴ «ከወንድምሽ ሠርግ በኋላ እንነጋገራለን» አሏት።

በእኛ አገር ሙስሊም ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ማዕዱን ለብቻ ያዘጋጃል፤ ቀኑ ጾም ከሆነ ምግቡም የጾም ይሆናል። እዚያ ማዕድ ላይ የቀረበን «ከምን ተሠራ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሠርጉ ዓርብ ዋለ። ለሉብና ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ዓርብ ጁምዓ ብቻ ነበር። ሐሙስ ቀን ቤቷ ገብቼ ወተቱን ስታጠልል አይቻለሁ። በማግስቱ ያንኑ በትሪ ይዛ ወደ እኛ ወደ ክርስቲያኖቹ ማዕድ ስትመጣ ሰው ሁሉ እያየን መናገር ፈራሁ። እኔ ራሴ ግን አልበላሁም።

«ይቅመሱልኝ እትዬ ብዙነሽ፤ ለእርስዎ ብዬ ነው የሠራሁት።»

አክስቴ ሁለት በሉ። «ሊጥ ነው ጥጥ? ደግሞ እኮ ይጣፍጣል!»

«ወተት ነው እንጂ! ንጹሕ የላም ወተት» አለች ሉብና በኩራት።

አክስቴ እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ።

«በዓርብ ምድር? ጾሜን አስገደፍሽኝ?»

«ወላሂ ረስቼ ነው! አፉ ይበሉኝ።»

«ምኑን ትረሺ? እዚሁ ከእኛ ጋር አይደለም ያደግሽው? ጭንቅላትሽን አውሮፕላን ላይ ጥለሽው መጣሽ?»

ጎረቤታችን ካሳሁን «ወተቱን አበላሽታ ስታበቃ እኛን ልታበላሽ!» አለና ሳቅ ሆነ። የራሷ ወገኖችም አላዘኑላትም። አጎቷ ሼህ ዓሪፍ ከወዲያኛው ዳስ መጥተው «ጎረቤት ፊት አዋረድሽን» አሏት። ወደ እኛም ዞረው፦ «ስትሠራ ደግሞ በማናውቀው ቋንቋ ታዜማለች፤ ምን እንደምትደግምበት አላህ ይወቅ!»

«የጀልባ ዘፈን ነው አጎቴ።»

«ጀልባ? መርሳ ላይ?» አለ ካሳሁን፤ እንደገና ተሳቀ።

አክስቴ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ጥቂት ስግደት ታዘዙና ነገሩ በዚያው አለቀላቸው። ሉብና ግን ሦስት ጊዜ ደጃቸው ሄዳ ይቅርታ ጠይቃ ሦስት ጊዜ በሩ ላይ ተመለሰች። ያቺ ክፍልም ለሳሙና ነጋዴ ተከራየች።

አሁን ሉብና የወልድያ አውቶቡስ በሚቆምበት መንገድ ዳር፣ ፀሐይ ላይ፣ አንዲት ጠረጴዛ ዘርግታ ትሸጣለች። ረቡዕና ዓርብ ወተት አትነካም፤ ለውዝ በስኳር ትሠራና ማንም ሳይጠይቃት «የጾም ነው» ትላለች። የአገሬው ሰው «ጾም አስገዳፊዋ» ይላታል፤ የሚገዛት መንገደኛ ብቻ ነው። ስትሠራ ማዜሙን ትታለች።

ሉብና አጥፍታለች፤ ይቅርታም ጠይቃለች። እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ግን እስካሁን ማንንም አልጠየቅሁም። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የማነበው ለአክስቴ ነው። ለሉብና የሚገባት ያቺ ክፍል ናት።