በር ላይ የሚቀረው ጥቁር ነጠላ

ሲስተር ሻሼ ነርስነቱን ትታ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከሆነች ብዙ ዓመት አልፏል፤ «ሲስተር» የሚለው ስም ግን አልለቀቃትም። አዳማ አንዴ የሰጠችውን ስም መልሳ አትወስድም። በልጆች ሆስፒታሉ ከዘበኛው እስከ ዋና ሐኪሙ ሲስተር ይሏታል፤ እሷም ማረሙ ሰልችቷት ትታዋለች። የተወለደችው ወንጂ፣ ከሸንኮራ ቆራጮች ካምፕ ውስጥ ነው። አባቷ ከደቡብ ለአንድ ወቅት ሥራ ብለው መጥተው እዚያው ጎጆ ቀልሰው የቀሩ ሰው ነበሩ። በዚያ ካምፕ ውስጥ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ያዝን፣ በየራሱ ቋንቋ ይሳደብ ስለነበር ሻሼ ገና በልጅነቷ የሰውን ንግግር ከፊቱ ላይ ማንበብ ለመደች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ይህንኑ ሲያስተምሯት፣ «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል መንገድ የመጣሁት?» ብላ ስቃለች።

በየዓመቱ ለሥራ ልምምድ የሚላኩትን የሥነ ልቦና ተማሪዎች የምትቀበለው እሷ ናት። ቢሮዋ ድሮ የአንሶላ መጋዘን የነበረች ጠባብ ክፍል ነች። መስኮት የላትም፤ የአዳማ ሙቀት ግን በግድግዳም ቢሆን መግባት ያውቅበታል። አዲስ ተለማማጅ ጋዋኑን እንደ ካርቶን አስተኩሶ ብቅ ሲል ከላይ እስከ ታች ታየውና «ጋዋንህ ካንተ ቀድሞ ተመርቋል» ትለዋለች። ከዚያ ሻይ ትቀዳለታለች። ሻይዋ ደግሞ ዝም ብሎ ሻይ አይደለም። ከምሳ በኋላ ሁሉም በዚያች ክፍል ተጠጋግተው ይቀመጡና እያንዳንዱ የሠራውን ከማውራቱ በፊት ያበላሸውን ያወራል። የምትጀምረው ራሷ ናት። «ዛሬ አንዲት እናት እያለቀሰችልኝ ሰዓቴን አየሁ፤ እሷም አየችኝ» ትላለች ስኳሩን እያማሰለች። አለቃቸው እንዲህ ካለች ማን አፍሮ ይደብቃል?

ሌላም ሕግ አላት። ያበላሸ ሰው ከበደለው ልጅ አይሸሽም። ተለማማጁ ተሳስቶ ሲመጣ ልጁን ተቀብላ ለሌላ አትሰጥበትም፤ አብራው ትሄዳለች፣ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ የሚናገረው ግን እሱ ነው። ጭካኔ ነው የሚሏት ሐኪሞች አሉ። ሻሼ ጭካኔ የምትለው ልጅን አሞኝቶ እልም ማለትን ነው። በዚህ ነገር ከማንም ጋር አትደራደርም።

ኢፋ የመጣው ከቡልቡላ ነው። ረጅም፣ ቀልጣፋ፣ መጽሐፉን የጠጣ ልጅ። በደረሰ በሳምንቱ የክፍሉን ልጆች በሙሉ በስማቸው መጥራት ጀመረ። ሻሼ ገና ከጅምሩ ወደደችው፤ እንዳይኮራባት ብላ ግን አልነገረችውም። ከሰጠችው ልጆች አንዷ ኤቢሴ ነበረች።

ኤቢሴ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ ፈይሳ በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በዕረፍቱ ቀን ወለንጪቲ አክስቷ ቤት ሊያደርሳት ከጓደኛው በተዋሳት መኪና ሲሄዱ ተገለበጡ። እሷ ጭኗ ተሰብሮ ተረፈች፤ እሱ እዚያው ሕይወቱ አለፈ። ቤተሰቡ ቀበረው፣ አለቀሰለት። ለልጅቱ ግን «አባትሽ ጅቡቲ ነው፤ ጭነት አጣድፎት ሄደ» ተባለ።

ይህን ያሉት ክፉ ሆነው አይደለም። በእኛ አገር መርዶ ለታመመ አይነገርም፣ ብቻውን ላለም አይነገርም፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው ሰው የሚረዳው። ልጅማ ጭራሽ ከሰው አይቆጠርም፤ «ሲያድግ ይሰማዋል» ተብሎ ይታለፋል። የአባቷ ታላቅ ወንድም ኦቦ ዲዳ «ከዚህ ግቢ በእግሯ ሳትወጣ አንድ ቃል እንዳይተነፈስ» ብለው አዘዙ፤ ማንም ከቃላቸው አልወጣም። እናቷ ጉዲቱ በየቀኑ በጥቁር ነጠላ ተከናንባ ትመጣና የግቢው በር ላይ ታወልቀዋለች። ዘበኛው ጋሽ ታጠቅ በፌስታል አድርገው ወንበራቸው ስር ያስቀምጡላታል። እሷ አበባ ያለበት ሻርፕ ጣል አድርጋ፣ ፊቷን በቧንቧ ውሃ ታጥባ፣ ፈገግታዋን አስተካክላ ትገባለች። ስትወጣ ጥቁሯን መልሳ ትለብሳለች።

ሻሼ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለኦቦ ዲዳ ልጅቷ መርዶውን እንድትረዳ ነግራቸው እምቢ ብለዋታል። ተለማማጆቿን ሰብስባ «መርዶው የቤተሰቡ ነው፤ እኛ አንናገርም። ግን አንዋሽም። ስለ አባቷ ከጠየቀቻችሁ እናቷን ጥሩልኝ» አለቻቸው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ኢፋ ከሁሉም አብልጦ ነቀነቀ።

ጄሶው ተፈታ። አሁን የቀረው መራመድ ነበር፤ ኤቢሴ ግን ንፋስ እንድታገኝ ተብሎ የተሰጣትን የመስኮት ዳር አልጋ አልለቅም አለች። ያማታል፣ ትፈራለች። ሐኪሙ ጉልበቷን እያየ «እንዲህ ተኝታ ከሰነበተች እግሯ ደርቆ ይቀራል፤ ዕድሜ ልኳን ታነክሳለች» አለ። ኢፋ ለመናት፣ ተረት አወራላት፣ ፊኛ ነፋላት፤ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና አጎንብሶ በጆሮዋ «በክራንችሽ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ከሄድሽልኝ አባትሽ ይመጣል» አላት።

ኤቢሴ ፊቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። «እውነትህን ነው?» «እውነቴን ነው።» ተነሣች። ጥርሷን ነክሳ፣ ላቧ ባፍንጫዋ እየወረደ እስከ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች። ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ።

የዚያን ቀን ኢፋ ወደ ሻዩ የመጣው እየበረረ ነው። ያበላሸውን መናገር ረስቶ «ሄደች!» አለ። ሌሎቹ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ሻሼ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እንዴት አድርገህ?» ነገራት።

«ማን ነው የሚመጣው፣ ኢፋ?» አለችው ቀስ ብላ።

ልጁ ያን ጊዜ ነው የሰማው፤ ራሱ የተናገረውን። ፊቱ አመድ መሰለ።

ኤቢሴ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በመስኮቱ በኩል በሩን ስታይ ዋለች። በማግሥቱም እንደዚያው። ከዚያ ክራንቿን አልጋ ስር ወረወረችውና አንሶላዋን ተከናንባ ወደ ግድግዳው ዞረች። ምግብ መቅመስ ተወች፤ ኢፋ ሲገባ ዐይኗን ትጨፍናለች። ጉልበቷ ደግሞ ቀን በቀን እየተገተረ ሄደ።

ኢፋ ሻሼ ቢሮ መጥቶ ቆመ። «ሲስተር፣ ልጅቷን ለሌላ ሰው ይስጡልኝ። እኔም ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ አይመስለኝም። ወንድሜ ቡልቡላ ቲማቲም ይነግዳል፤ እሱ ጋ እገባለሁ።»

«እዚያስ ለደንበኛ ዋሽተህ ስትያዝ ወዴት ልትሄድ ነው?»

«እንዴት ብዬ ነው ፊቷን የማየው?»

«እኔ አጠገብህ ሆኜ» አለችው። «አሁን ተቀመጥና ሻይህን ጠጣ። መጀመሪያ እኔ የሽማግሌውን ፊት ልይ።»

ኦቦ ዲዳን ያገኘቻቸው ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ስር ነው። የሆነውን አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እኔ ዝም በሉ አልኩ፤ የናንተ ሰው ጭራሽ ይመጣል አላት?» አሉ። ተቆጥተው ነበር፤ ደግሞም ልክ ነበሩ። ሻሼ አልተከራከረቻቸውም።

«ኦቦ ዲዳ፣ እርስዎ የወንድምዎን መርዶ ሲረዱ ማን ነበር አጠገብዎ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ነበር።»

«ማን ደገፈዎት?»

«ልጆቼ ናቸዋ። ሁለቱ በክንዴ በክንዴ ይዘውኝ ነው።»

«ኤቢሴ በዚያ መስኮት በሩን እያየች ብቻዋን እየተረዳች ነው። የሚደግፋት የለም። ለእርስዎ የተደረገው ለሷም ይደረግላት፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በወጉ። እሷም እኮ ሐዘንተኛ ናት፤ ልጅ ናት ተብላ ለቅሶዋ አይቀማ።»

ሽማግሌው ዐይናቸው ሞላ። «ይሁን» አሉ። «ግን ያ ይመጣል ያላት ልጅ እዚያ ይቁም። መሸሽ የለም።»

ሻሼ በሐዘኑ መካከል ልቧ ፈገግ አለ። የራሷን ሕግ ከሽማግሌ አፍ መስማት ደስ ይላል።

ዘመዶቹ የመጡት ገና ሰማዩ ሳይቀላ ነው። ጋሽ ታጠቅ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። የክፍሉ ልጆች ለጊዜው ወደ ሌላ ክፍል ተወስደው ነበር። ኦቦ ዲዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጉዲቱ ልጇን ከኋላ አቀፈቻት። ኢፋ በግርጌ በኩል ቆሟል፤ ሻሼ ትከሻዋ ትከሻውን እስኪነካው ተጠግታዋለች።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ሽማግሌው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አባትሽ በዚያ አደጋ አርፏል። ጅቡቲ አልሄደም። እኔ ነኝ እንዳይነግሩሽ ያልኩት። ቀብረነዋል፣ አልቅሰንለታል፤ አሁን ካንቺ ጋር ልናለቅስለት መጣን።»

ኤቢሴ አልጮኸችም። ዞር ብላ የእናቷን ትከሻ አየች። «እማ፣ ዛሬ ጥቁሩን በር ላይ አላስቀመጥሽውም?»

ከዚያ መስኮት በሩ ወለል ብሎ እንደሚታይ፣ ልጅቷም እናቷ ስታወልቅና ስትለብስ በየቀኑ ስታያት እንደከረመች ያን ጊዜ ለሁሉም ገባቸው። የሰውን ፊት አነባለሁ የምትለው ሻሼም መስኮት ማንበብ አቅቷት ከርሟል።

ኤቢሴ ወደ ኢፋ ዞረች። «ጥቁሩ የአባዬ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። አንተ ይመጣል ስትለኝ ግን የሌላ ሰው ለቅሶ ነው አልኩ። ደስ አለኝ።»

ኢፋ ሻሼን አየ። ሻሼ መሬት መሬት አየች። መማጸኛ እንደሌለው ሲያውቅ ከልጅቷ ፊት ዝቅ እስኪል ተንበረከከ።

«ዋሸሁሽ፣ ኤቢሴ። አባትሽ እንደማይመጣ አውቅ ነበር። እንድትሄጂልኝ ብዬ ዋሸሁሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።» አላብራራም፣ ይቅር በዪኝም አላላትም። ለቅሶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ትንሿ ደረቷ እስኪርገበገብ አለቀሰች፤ ክፍሉ በሙሉ አብሯት አለቀሰ፤ ሻሼም ጋዋኗን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ዘመዶቹ ሲወጡ አንድ በአንድ እያጎነበሱ «እግዜር ያጽናሽ» አሏት፤ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው። እሷም እንደ ትልቅ ሰው «አሜን» አለች። ለምሳ ከእናቷ እጅ ጎረሰች።

ኢፋ በማግሥቱም፣ ከዚያ በኋላም መጣ። ኤቢሴ አታናግረውም፤ እሱም ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ነገ እንደሚመጣ ነግሯት ይሄዳል፣ በነጋታው ይመጣል። በሻዩ ላይ ሁልጊዜ «ዛሬም አላናገረችኝም» ይላል፤ ሻሼም «መጥተሃል አይደል?» ብላ ብርጭቆውን ትሞላለታለች። ስለ ቲማቲም ንግዱ ዳግመኛ አልተነሣም።

አንድ ጠዋት ኤቢሴ ድንገት አፍ አውጥታ «በሩ ድረስ ከሄድኩ ምን ትሰጠኛለህ?» አለችው።

ሻሼ በአጋጣሚ ከጎን ያለው አልጋ ላይ ሌላ ሕፃን እያጫወተች ነበር። ቀና አላለችም፤ ጆሮዋ ግን ቆመ።

«ምንም» አላት ኢፋ። «እዚያ የሚጠብቅሽም የለም። ያምሻል። እኔ ግን አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። «ክራንቼን ከስር አውጣልኝ» አለችው።

ሻሼ ከኋላ ከኋላቸው ወጣችና ኒሙ ስር ቆመች። ኢፋ አንድ ሁለቴ ቀድሟት ሄዶ ነበር፤ ተመልሶ እርምጃውን ከእርምጃዋ ጋር አስተካከለ። በሩ ጋ ሲደርሱ ጉዲቱ ከባጃጅ እየወረደች ነው። ጥቁሩን ለብሳ መግባት ከጀመረች ብትቆይም እጇ ልማዱን አልረሳም፤ በሩ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ነጠላዋን ሳብ ታደርገዋለች። ያን ቀንም ሳብ አደረገችው፤ ቀና ስትል ልጇ በሁለት እግሯ ቆማለች።

«አታውልቂው እማ» አለች ኤቢሴ፤ «እኔም የአባዬን ለቅሶ ልልበስ።»

ጉዲቱ ነጠላውን ዘርግታ ግማሹን በልጇ ትከሻ ላይ አደረገችላት። ሁለቱ በዚያ ጥቁር ነጠላ ተጠቅልለው በክራንቹ ልክ ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ተመለሱ። ጋሽ ታጠቅ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆባቸውን አወለቁላቸው፤ ባዶውን ፌስታልም አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።